የታፈነው በርሜል

አሰፋች እንፋሎት ስታይ ትናደድ ነበር። ሌላ ሰው ከድስት አፍ ላይ እንፋሎት ሲያይ ምግቡ ደረሰ ብሎ ደስ ይለዋል፤ እሷ ግን ከእጇ ላይ የነጠቋት ይመስል ፊቷ ይጨልማል። «የምታዩት እኮ እንጨት ነው» ትለን ነበር። «ገዝቼ፣ ፈልጬ፣ አድርቄ ያነደድኩት እንጨት ነው ወደ ሰማይ የሚሄደው።» እኛ እንስቃለን። በአጥር ብቻ የምንለያይ ጎረቤቷ ስለነበርኩ ከሁሉም አብልጬ የምስቀው እኔ ፈለቀች ነበርኩ።

ሥራዋ ሙቅ ውሃ መሸጥ ነው። ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት መዲና በነበረችበት በዚያ ዘመን ዳኛውም፣ የግምጃ ቤት ጸሐፊውም፣ ነጋዴውም ገላውን የሚታጠበው ከሳነቴ ደጋ ከሚወርደው ብርድ ጋር እየታገለ ነው። ቶጎና ወንዝ ወርዶ የሚታጠብ ጎልማሳ አይጠፋም ነበር፤ ነገር ግን አራስ፣ ሽማግሌ፣ ሕመምተኛ ምን ይሁን? እነዚህ ሁሉ አሰፋች ደጅ ይመጣሉ። ሳፋ፣ ሳሙና፣ የሚሞቅ ክፍልና እንደ ልብ የሚቀዳ ሙቅ ውሃ እሷ ዘንድ ነው ያለው።

ከዚያ በፊት አረቄ ታወጣ ነበር። አባቷ ከመንዝ የመጡ ሰው ናቸው፤ ሙያውን ከእናቷ ነው የወረሰችው፤ የአረቄዋ ስም እስከ ሮቤ ደርሷል። ባሏ አቶ በየነ ግን የቤቱን አረቄ ከደንበኛ እኩል፣ ኋላም ከደንበኛ አስበልጦ ይጠጣ ጀመር። እሷ ባወጣችው አረቄ ጉበቱ አልቆ ሞተ። በተዝካሩ ማግስት ጋኖቿን ወደ ጓሮ አውጥታ በድንጋይ ሰባበረቻቸው፤ እኔ በአጥር አይቻታለሁ፤ አላለቀሰችም። የቀራት ሙያ እሳት ማንደድና ውሃ ማሞቅ ብቻ ስለነበር እሱኑ ያዘች።

ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ባዶ የዘይት በርሜል አገኘች። በርሜሉ ከላይ ድፍን ነው፤ ውሃ የሚገባው አናቱ ላይ ባለች ቀዳዳ ሲሆን፣ ቀዳዳዋ እየተሽከረከረ የሚገባ የብረት መክደኛ አላት። ብረት በያጁ ከሥር ቧንቧ ገጠመላት። በርሜሉን ከመታጠቢያው ክፍል ግድግዳ ውጭ፣ በጠባቧ መተላለፊያ ውስጥ አቆመችው፤ ቧንቧው ግድግዳውን በስቶ ወደ ውስጥ ይገባል። የሚታጠብ ሰው ከውስጥ ከፍቶ ይቀዳል፤ እሷ ከውጭ ታነዳለች።

እንዲህ ነው እንግዲህ ቁጠባዋ የተጀመረው። በሦስት ጉልቻ ላይ ስታነድ እሳቱ ጎን ለጎን እየወጣ እንጨት ሲፈጅባት፣ በርሜሉን እስከ አንገቱ በጭድ ጭቃ ከበበችው። የእሳቱን አፍ አጠበበችው፤ ከአንድ እንጨት በላይ የማታሳልፍ ትንሽ በር ብቻ ተወችለት። ከጭቃው በላይ የቀረውን የበርሜሉን አንገት የገብስ ገለባ በታጨቀበት ጆንያ ጠቀለለችው። የመታጠቢያውን መስኮት ሙቀት ያባክናል ብላ ደፈነችው። የክፍሉንም በር ከጓሮው ወደ መተላለፊያው አዞረችው፤ ታጥቦ የሚወጣ ሰው በበርሜሉ ጎን ሲያልፍ ይሞቀዋል፤ ያ ሙቀትም በከንቱ አይቀርም አለች። አትሳቁ፣ ሠርቶላታል። ሌላው አንድ ሸክም በሚፈጅበት እሷ ግማሹን አትጨርስም ነበር። የሠፈር ሴቶች ሁሉ ምድጃቸውን በጭቃ መክበብ የተማሩት ከሷ ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ የማነደው እንደዚያ ነው።

እንጨቱን የምታመጣላት ሃጂራ ነች። ከጎባ በላይ ካለው ዳገት አስታ የሚባለውን የደጋ እንጨት በአህያ ጭነው የሚወርዱ ሴቶች ሃጂራ ደጅ ያራግፋሉ፤ እሷ ለከተማው ትሸጣለች። ሁለቱ ከአረቄው ዘመን ጀምሮ ወዳጆች ናቸው። ሃጂራ አረቄ በአፏ ባይዞርም እንጨት ሻጭ ከማንም ጋር ትውላለችና በዚያው ተላመዱ። አንዷ የአንዷን ሥጋ አትበላም፤ ከዚያ ውጭ የሚለያቸው አልነበረም። ሃጂራ ጠዋት በአጥሩ በኩል «አካም ቡልቴ፣ አሰፋች!» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ስትል፣ አሰፋች ደግሞ ደህና ለማለት «ነጋ፣ ነጋ፣ እንጨትሽ ደረቅ ነው ዛሬ?» ስትል ነበር እኔ ከእንቅልፌ የምነሳው።

ኋላ አገሩ ተረበሸ። ከቆላው በኩል አመፅ ተነሳ ተባለ፤ ዳገቱ ላይ ወታደር ቆመ፤ የእንጨት አህዮች መውረድ ተዉ። ሃጂራ ከየትም ብላ የምታመጣው እርጥብ ባሕር ዛፍ ሆነ፤ ያውም ጥቂት። ያን ጊዜ የአሰፋች ቁጠባ ከጨዋታ ወደ ጭንቀት ተለወጠ። በርሜሉ አጠገብ ተቀምጣ ከመክደኛው ቀዳዳ የምትወጣውን ነጭ ጭስ መሳይ ነገር ስታይ ትውላለች። ከዚያ ወዲያ የምትዘጋው ምንም ነገር አልቀራትም፤ ያቺ ቀዳዳ ብቻ ነበረች የቀረችው።

አንድ ቀን ዘጋቻት። አረቄ ያወጣ እጅ ማፈን ለምዷል። ጋኑን ትጥዳለህ፣ አፉን ዙሪያውን በእበት ትመርጋለህ፣ በትንሽ ስንጥቅ እንኳ ከወጣ የሚወጣው አረቄው ነውና ደግመህ ትመርጋለህ። ነገር ግን አረቄ ላይ እንፋሎቱ መንገድ አለው፤ በመቃው ውስጥ ሄዶ ማዶ ካለው ዕቃ ውስጥ ይንጠባጠባል። አሰፋች መምረጉን አስታውሳ መቃውን ረሳች። ጨርቅ ጠቅልላ መክደኛውን በእጇ አጠበቀችው፤ ዙሪያውን በእበትና በአመድ ለሰነችው።

መጀመሪያ ላይ ተአምር ነው የሆነው። ውሃው ቶሎ ፈላ፤ ቧንቧው ሲከፈት እየተወረወረ ይወጣል፤ እንጨቱም ሲበዛ ተረፈ። ፊቷ ፈካ። እኔን ጠርታ አሳየችኝ። ሃጂራ ግን ሸክም ልታራግፍ ስትገባ በርሜሉን ሰማችውና ቆመች።

«ያቃስታል» አለች።

«ሞቆት ነው» አለች አሰፋች እየሳቀች።

«አሰፋች፣ ይኼ ነገር መተንፈስ አለበት። ዲሲ፣ ተይው። አፉን ክፈቺለት።»

አሰፋች ሳቋን አቆመች። ቀጥሎ ያለችውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ባልሰማሁ ይሻለኝ ነበር። «አንቺማ እንጨት ሻጭ ነሽ፤ እንጨቴ ሲነድ ደስ ይልሻል። አፉን ከፍቼ ላንቺ ልገብር?»

ሃጂራ ገመዷን ከሸክሙ ላይ ፈትታ ጠቀለለች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ወጣች። በማግስቱ እንጨቱን አመጣች፤ ግን በር ላይ አራግፋ ሄደች፤ በአጥሩም በኩል ድምፅዋ አልተሰማም። አሰፋች የኮራች መስላ ሰነበተች፤ እኔ ግን ጠዋት ጠዋት ወደ አጥሩ ዞር ስትል አያት ነበር። ይቅርታ መጠየቅ አፏ ላይ የማይዞርላት ሴት ነበረች፤ ለአቶ በየነም በሕይወቱ ሳለ አንድ ቀን እንኳ አጠፋሁ አላለችውም።

የሃጂራ ልጅ ሙሉካ ወልዳ አርባ ቀኗ ደረሰ። ከዚህ በፊት የወለደቻቸው አልቆሙላትም ነበር፤ ይኼኛው፣ ወዚር ያሉት፣ እየጠባ፣ እየደረጀ ነው። አርባ ቀን ሲሞላ እናቲቱ ሙሉ ገላዋን ታጥባ ወደ ጸሎቷ ትመለሳለች፤ ለነሱ ትልቅ ቀን ነው። በዚያ ብርድ አራስ ከነልጇ የሚታጠቡበት ሌላ ቤት ጎባ ውስጥ የለም። ስለዚህ ሃጂራ ኩራቷን ዋጥ አድርጋ መጣች፤ በር ላይ ቆማ «ልጄን ላሳጥብ ነው» አለች እንጂ ሌላ አልተነፈሰችም።

አሰፋች ይቅርታዋን በውሃ ልትጠይቅ ወሰነች። የልቧን ባትነግረኝም ገብቶኛል። ሙሉካ አይታ የማታውቀውን ዓይነት ሙቅ ውሃ ታገኝ፣ ያውም በጥቂት እንጨት፤ ሃጂራም ታይ፤ ይህ ነበር ሐሳቧ። በርሜሉን ከሰጣት ሾፌር ትልቅ መፍቻ ተዋሰችና መክደኛውን ትንፋሿ እስኪቆራረጥ አጠበቀችው፤ መረገችው፤ ደግማ መረገችው። ሙቀቱ እንዳይቋረጥ ብላ በዚያች ጠባብ አፍ ወፍራም የኮሶ ግንድ ገፍታ አስገባች። ረፋዱ ላይ ሃጂራ፣ ሙሉካ፣ ሕፃኑና የሠፈሩ አዋላጅ አሮጊቷ ዲንቄ ገቡ። በሩን ዘጉ።

እኔ ለሙሉካ ቅቤ ይዤ ልሰጥ መጥቼ ግቢው ውስጥ ነበርኩ። ከውስጥ የዲንቄ ምርቃት ይሰማል፤ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ ዝም ይላል። መጀመሪያ በባልዲ የቀዱት ውሃ ስለበቃቸው ቧንቧውን ዘግተው ነበር። እሳቱ ደግሞ እየነደደ ነው።

ከዚያ ከመተላለፊያው «ዷ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሮጬ ስደርስ አሰፋች በርሜሉ ፊት ቆማለች። ድፍኑ አናቱ ወደ ላይ ተነፍቷል። ምርጉ ተሰነጣጥቆ ረግፏል፤ መክደኛው ግን ጠብቆ እንደ ተያዘ ነው። ከጎኑ የጭቃው ግንብ ከላይ እስከ ታች ተተርትሯል። በርሜሉ አሁን አያቃስትም፤ ይንቀጠቀጣል።

«መክደኛውን ፍችው!» አልኳት።

«ከነካሁት ፊቴን ይዞት ይሄዳል።» ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። «ጋን ሲታፈን እሳቱን ነው የሚያወጡት።» ተንበረከከችና በብረት መቆስቆሻ ፍሙን መዛቅ ጀመረች። ፍሙ ወጣ፤ ግንዱ ግን አልወጣም። በዚያች ባጠበበቻት አፍ ገብቶ ውስጥ ላይ ተጋድሟል፤ ብትጎትተው ይሰነቀራል።

በሩ አጠገባችን ነበር። ልከፍተው እጄን ስዘረጋ ጮኸችብኝ። «በበርሜሉ ጎን ነው እኮ የሚያልፉት! ሕፃን ይዘው! አሁን ቢፈነዳስ?» እውነቷን ነው። በሩን እዚያ ያደረገችው እሷ ነች፤ መስኮቱን የደፈነችውም እሷ ነች። ሴቶቹ ያሉበት ክፍል ሌላ መውጫ የለውም።

ከውስጥ ሃጂራ «ምንድነው?» አለች።

«ሃጂራ፣ ቧንቧውን እንዳትነኩ፣ እንፋሎቱ ይልጣችኋል!» አለች አሰፋች። «ሕፃኑን ይዛችሁ ከዚህኛው ግድግዳ ራቁ። ፈለቀች፣ ምሳሩን! የጓሮውን ግድግዳ አፍርሽው!»

ያ ቤት በዚህ ዓለም ላይ ያላት ንብረት ነው። ምሳሩን ከእንጨቱ ክምር ላይ አንስቼ ዞርኩ፤ መታሁ። ጭቃው ረገፈ፤ ማገሩ ግን ጥድ ስለሆነ ምሳሩን ይመልሳል። እጄ ደነዘዘ። በየምቱ መሐል በርሜሉን እሰማዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ «ዷ!» ሲል ምሳሩን ጥዬ ልሮጥ ነበር፤ አልዋሽም። ዲንቄ ከውስጥ ማገሩን በባዶ እጇ ትጎትታለች፤ በኦሮምኛ ፈጣሪዋን ትጠራለች። ማገሩ ተቆረጠ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሕፃኑ ነው፤ በፎጣ ተጠቅልሎ በቀዳዳው ወጣ፤ ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። ቀጥሎ ሙሉካ፣ ፀጉሯ ላይ ሳሙናው እንዳለ፣ ራቁቷን በነጠላ ተሸፍና። ቀጥሎ ዲንቄ።

«ሃጂራ! ኮቱ! ነይ!» አልኩ።

አልመጣችም። ፊቷን ወደ ቧንቧው ግድግዳ አዙራለች። «አሰፋች፣ ወጥተሻል?» ስትል ሰማሁ።

«ውጪ አንቺ!» አለች አሰፋች ከዚያ ማዶ።

«ወጥተሻል ወይ ነው ያልኩሽ።»

«ግንዱ ይዞኛል። አንቺ ስትወጪ እወጣለሁ።»

«እኔ እዚህ እያለሁ እንደማትወጪ አውቃለሁ። አንቺ እዚያ እያለሽም እኔ አልወጣም።»

«ሃጂራ፣ በማርያም!»

ሃጂራ ሙሉካ ለብሳው የመጣችውን ቡሉኮ ሳፋው ውስጥ ነከረችው፤ ራሷንና ክንዷን ጠቀለለችበት። ምን ልታደርግ እንደሆነ ሲገባኝ ቀዳዳው ላይ ጮኽኩ። እሷ ግን «ቢስሚላህ» ብላ በጎን በኩል ተጠጋችና ቧንቧውን ከፈተችው።

የወጣው ውሃ አልነበረም። እያፏጨ፣ እየጮኸ የሚወረወር ነጭ ነገር ነበር፤ ማዶ ያለውን ግድግዳ መትቶ ክፍሉን ሞላው። ሃጂራን አጣኋት። ፉጨቱ ከተማውን ሁሉ ያሰማ መሰለኝ። በዚያ ዘመን ጎባ ውስጥ እንዲህ ያለ ጩኸት ሲሰማ ሰው የሚያስበው ጦርነት ስለነበር መንገዱ ላይ ሰው ሲሮጥ፣ በር ሲዘጋ ይሰማኛል። ሙሉካ ክንዴን ይዛ «እናቴ፣ እናቴ» ትላለች። ፉጨቱ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። በመጨረሻ የበርሜሉ አናት «ዷ» ብሎ ወደ ታች ተመለሰ፤ ከዚያ የሚንጠባጠብ ውሃ ብቻ ቀረ።

አሰፋች በሩን በትከሻዋ ገጭታ ገባች። ሃጂራ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ቡሉኮው ፊቷንና እጇን አትርፎላታል፤ የፈላው ውሃ ወለሉ ላይ ፈስሶ ግን አንድ እግሯን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ልጦታል። እግሯን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ከትታ ጥርሷን ነክሳለች። አሰፋች ፊቷ ተደፋች። መቆስቆሻው ያቃጠለውን መዳፏን አጣጥፋ ግንባሯን ባልዲው አጠገብ እርጥቡ መሬት ላይ አደረገችና ስታለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት።

«ይቅር በይኝ» አለች። «አፌ ነው፤ ስስቴ ነው፤ ይቅር በይኝ።»

«ተነሺ» አለች ሃጂራ። «ልጄ ሳሙናው ላይዋ ላይ እያለ ብርድ ላይ ቆማለች። ሙቅ ውሃ የለም።»

«እዚህ ቤት ሁለተኛ እሳት አላነድም!»

«ታዲያ ሙሉካ እንደዚህ ትደር? አርባዋ ዛሬ ነው እኮ።»

አሰፋች ተነሳች። ሃጂራን ደግፈን ወደ ግቢው አወጣናት፤ እግሯን በንጹሕ ነጠላ ሸፈንነው፤ ሙሉካንና ልጇን በጋቢዬ ጠቀለልኳቸው። አሰፋች ግቢው መሐል፣ ከሁላችንም ፈቀቅ ብላ፣ ሦስት ድንጋይ አስቀመጠች። ትልቁን ድስት ጣደችበት። ከዚያ ለክፉ ቀን ብላ ያስቀመጠችውን ደረቅ አስታ በእቅፍ እያመጣች ከሥሩ ማገደች፤ የሚበቃውን ሳይሆን ያገኘችውን ሁሉ። እሳቱ በየጎኑ እየወጣ ነፋሱን ያሞቃል። ድስቱን አልከደነችውም፤ ክዳኑን ከአጠገቧ አርቃ ጥላዋለች፤ ውሃው ሲሞቅ እንፋሎቱ እየተትጎለጎለ ይወጣል፤ እሷ ፈንጠር ብላ ቆማ በፍርሃት ታየዋለች።

ሃጂራ ግድግዳውን ተደግፋ እግሯን ዘርግታ እሳቱን ስታይ ቆየች። የተማገደውን የእንጨት ክምር አየች፤ ከዳገቱ ላይ በምን ጭንቅ እንደ ወረደ የምታውቀው እሷ ነች።

«አሰፋች» አለች።

«ወይ።»

«ምነው፣ ድስቱን ክደኚው እንጂ። እንጨቱ ያልቅብሻል።»

አሰፋች ዞር ብላ አየቻት።

«አትምረጊው ነው እንጂ ያልኩሽ» አለች ሃጂራ፣ «መክደንማ ክደኚው።»

አሰፋች ሄዳ ክዳኑን ከመሬት አነሳች። በሁለት እጇ ስለያዘችው እንባዋን መጥረጊያ አልነበራትም።